የአባዬ መኪና እና ሁለቱ ሴንሰሮች

ጅጅጋ፣ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፣

በወጣህ በገባህ ቁጥር ጠባቂ መልአክህ አይለይህ፤ የሻርጃንም ሙቀት ያቅልልህ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከዳሌዋ በቀር ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። ዘንድሮ የብሬክ ሸራና የዘይት ፊልትሮ መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ነው የሚያልቀው።

በስልክ የማልነግርህ ስለማይበቃኝ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያልክ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጎማ ነጋዴው ኸሊፍ ወደ ሻርጃ በተመላለሰ ቁጥር ደብዳቤ አስይዘዋለሁ። «አገሬ፣ ይሄ ፖስታ ነው ወይስ ሻንጣ?» እያለ ይሳለቅብኛል። ይሳለቅ።

አሁን ወደ ወሬዬ። የአባዬን ላንድክሩዘር ላስነሳት ነው። አባዬ ካረፈ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ማለቴ ነው። የድሮ ሞተሯ ነክሶ እንደቀረ ታውቃለህ። ካሂን ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ድረስ ሄዶ፣ ከማዶ ከመጣች ቀኝ መሪ መኪና የተፈታ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አገኘልኝ። ካሂንን መቼም አትረሳውም፤ አባዬ ጋራዥ ውስጥ አብራችሁ ቁልፍ ስታቀብሉ ነው ያደጋችሁት። ዛሬ ጺሙን ሂና ቀብቶ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጋራዡንም የያዘው እሱ ነው። ሞተሩ ንጹሕ ነው። ችግሩ፣ የፈታው ሰው ሽቦውን እንደ ጎመን ከትፎታል፣ ኮምፒውተሩንም የት እንደጣለው አይታወቅም። አንተ ደግሞ በምትሠራበት ጋራዥ ከፋብሪካው ኮምፒውተር ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የፈለጋችሁት ሞተር ላይ እንደምትገጥሙ አጫውተኸኝ ነበር። ለእኛስ አንድ ብታሰናዳልን?

የቸኮልኩት ለእማዬ ብዬ ነው። የቁልቢ ስለቷን ሳታገባ ዓመታት አለፉ። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መቀመጥ አልሆነላትም። እግሯን ዘርግታ የምትቀመጠው አባዬ ለእሷ ብሎ ባሰፋው በዚያ የፊት ወንበር ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ረጅም መንገድ ከሆነ እስከሚመጣው ታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እኔ አላውቅም» አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። እንግዲህ ለታኅሣሥ ገብርኤል መኪናዋ ካራማራን መውጣት አለባት፤ ሌላ መንገድ የለም።

ልጆች ሆነን ቁልቢ የሄድን ጊዜስ ትዝ ይልሃል? ከኋላ ብርድ ልብሱ፣ ጀሪካኑ፣ ዳቦው ተጭኖ፣ አንተን ከባቢሌ ጀምሮ ሲያስመልስህ፣ አባዬ «በመስኮት፣ ልጄ፣ በመስኮት» እያለ ሲለምንህ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን ነክሼ ነበር። አሁንም እየጻፍኩ እየሳቅኩ ነው።

እህትህ አገሬ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤታችሁ አይጉደልበት። እማማን ጉልበቷን ስሚልኝ።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ጎማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ግቢው ሸተተኝ፤ ናፍጣው፣ አቧራው፣ አባታችን ጋሼ ማታ ማታ እጁን ይታጠብበት የነበረው ኦሞ። ጓደኞቼ «ምን ሆንክ?» አሉኝ። ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ኮምፒውተሩን፣ ያን ትንሽ ሣጥን፣ ከላፕቶፕ ጋር በኸሊፍ ልኬዋለሁ፤ የሚያስፈልገውን ቁጥር ሁሉ ሞልቼበታለሁ። ለሲሊንደሮቹ እሳት የሚሰጥ ስድስት ቦቢናም አብሮ አለ። ሽቦዎቹ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ለጥፌያለሁ፤ አንደኛውን ሽቦ ለአንደኛው ሲሊንደር፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው እያላችሁ ማሰር ነው። የቀረው የሁለቱ ሴንሰሮች ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ አደራ።

የክራንኩ ሴንሰር ከታች ያለውን ባለ ጥርስ ብረት እያየ ፒስተኖቹ የት እንደደረሱ ይናገራል። ብረቱ ላይ ሆን ተብሎ ጥርስ የጎደለበት ቦታ አለ፤ ኮምፒውተሩ መቁጠር የሚጀምረው ያንን ክፍተት ሲያይ ነው። ነገር ግን ክራንኩ፣ ፒስተኖቹን የሚያወጣው የታችኛው ዘንግ፣ ሁለቴ ሲዞር፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም የሚዞረው አንዴ ነው። ፒስተኑም ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዴ ለመቃጠል፣ አንዴ ጭሱን ለማስወጣት። የክራንኩ ሴንሰር ብቻውን «ስድስት ሰዓት ሆኗል» ብሎ ቀን ይሁን ሌሊት እንደማይናገር ሰው ነው። ቀኑን ከሌሊቱ የሚለየው የካሙ ሴንሰር ነው።

ጥርሶቹን በኖራ እያመለከታችሁ ቁጠሩና ከጎደሉት ጋር ላፕቶፑ ላይ አስገቢው። ሴንሰሩ ጥርሱን መንካት የለበትም፣ መራቅም የለበትም፤ የኤቲኤም ካርድ በመሐላቸው ካለፈ ይበቃል። በመረብ የተሸፈነውን ሽቦ ለሴንሰሮቹ ብቻ አድርጉት፤ ከቦቢናና ከማስነሻው፣ ከሞተሪኖ ሽቦ ይራቅ። የክራንኩ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ከተገለባበጠ ሞተሪኖው ሲዞር ላፕቶፑ ላይ የዙሩ ቁጥር እየዘለለ ያስቸግራችኋል።

ቀሪውን ለእኔ ተዉልኝ። ኅዳር ላይ ፈቃድ እወስዳለሁ። የመጀመሪያዋን ቁልፍ እኔው ነኝ የማዞራት።

ወንድምሽ በዛብህ


ጅጅጋ፣ መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፣

አዲሱ ዓመት የእግርህን መንገድ ወደ እኛ ያቅናው። ሣጥኑ ደረሰ። እማዬ ከፍታ አየችውና «ይቺ ናት ያን ሁሉ ብረት የምታዘው?» አለች። ከዳቦ አትበልጥም እኮ።

የጥርሱን ነገር ልንገርህ፣ ትስቃለህ። ካሂን በሶማሊኛ፣ እኔ በአማርኛ እኩል ጀምረን ቆጠርን። እሱ ሠላሳ አራት አለ፣ እኔ ሠላሳ አምስት።

«ዋላሂ፣ አንቺ አንዱን ሁለቴ ነው የቆጠርሽው» ይለኛል።

«አንተ ነህ በወሬ ያለፍከው።»

«እኔ? ወሬው ያንቺ ነው እንጂ።»

እማዬ ከወንበሯ ሆና «ልጁ በኖራ አድርጉት አላለም? ሁለታችሁም ዝም በሉና ኖራ አምጡ» አለች። ኖራ ቀባን። ሠላሳ አራት ጥርስ፣ ሁለት የጎደለ። ካሂን እስከ ዛሬ ያንን ሠላሳ አራት ለደንበኛ ሁሉ ያወራዋል።

ካርዱን ደግሞ ከቦርሳዬ ሳያስፈቅደኝ አውጥቶ በሴንሰሩና በጥርሱ መሐል ሰካው። ባንክ ቤት ሄጄ ማሽኑ ግሪሱን አልወድም ብሎ ተፋብኝ። አንተ ነህ ያስተማርከው፤ ካሣው ከአንተ ነው።

ሞተሩን አስገብተን ሽቦውን አስረን ስናበቃ ሞተሪኖውን አዞርነው። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ አንዴ መቶ ሃምሳ፣ አንዴ ዘጠኝ ሺህ፣ አንዴ ዜሮ። እኔ ወዲያው «ተገልብጧል» አልኩ። ሁለቱን ሽቦ አለዋወጥናቸው፤ ሁለት መቶ ላይ ቀጥ አለ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፤ ሱቅ ዘግቼ ነው የዋልኩት።

ግን አልተነሳችም። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ነዳጅ አለ፣ እሳት አለ፣ ከዚያ በአየር ፊልትሮው በኩል መልሳ ትተኩሳለች። አንዴ እንዲያውም ጎረቤታችን አቶ ሀብተየስ፣ ያ ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ በጋቢ ወጡና «ማን ነው የተኮሰው?» አሉ። «መኪናችን ናት፣ አባባ» አልኳቸው። «መኪናማ ቢሆን ይሄድ ነበር» ብለው ገቡ።

ኅዳር ላይ እመጣለሁ ብለሃልና ከዚህ በላይ አልነካካናትም። ክፍልህን ቀለም አስቀብቻለሁ። እማዬ ኅዳርን በጣቷ እየቆጠረች ነው።

እህትህ አገሬ


ሻርጃ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ፤ የእማማን ጤና ያብዛልኝ።

የኅዳሩ ፈቃድ አልሆነም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትልኪ ጋራዡ ጋ አይምጣ፤ ኸሊፍ በሚያርፍበት ሆቴል ያስቀምጥልኝ፣ ሄጄ እወስዳለሁ።

ወደ ሞተሩ። በፊልትሮ መተኮስ እሳቱ ያለጊዜው እየመጣ ነው ማለት ነው። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተሽ ቀዳዳው ላይ አውራ ጣትሽን አድርጊ። ካሂን ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ ያዙረው። አየሩ ጣትሽን ሲገፋው የክራንኩ ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ዜሮ ላይ ይደርሳል? ከዚያ እሳት በተሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት አንደኛው ሽቦ ላይ ስቀሉና ሞተሪኖው ሲዞር እዩት። ምልክቱ በቦታው ቆሞ ከታየ ክራንኩ ልክ ነው። የካሙ ሴንሰርም መሰካቱን አረጋግጪ።

ደግሞ ንገሪኝ፣ የጋራዡ በር አሁንም ሰማያዊ ነው? ጋሼ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ የሚሰማበት የፔጆ የኋላ ወንበር አለ? ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ያ ቆርቆሮ አሁንም ይጮሃል? እንዲያው ሰሞኑን ደጋግሞ ትዝ እያለኝ ነው።

በዛብህ


ጅጅጋ፣ ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ያለህበትን ቤት እንደ ቤትህ ያድርግልህ።

በሩ ሰማያዊ ነው፤ ዝናቡ ከታች በልቶት ካሂን ብረት በየደበት እንጂ። የፔጆው ወንበር አለ፤ የምትተኛበት ድመቷ ናት። ቆርቆሮው ይጮሃል። አንድ ጊዜ ላስመታው ብዬ እማዬ «ተይው፣ አባትሽ ወርቅአገኘሁ ያለ ይመስለኛል» አለችኝና ተውኩት።

ፈቃዱ ለምን እንዳልሆነ አልጠይቅህም። እማዬ ጠየቀችኝ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። «ሥራ የበዛበት ሰው ስለ በር ቀለም አይጠይቅም» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ያልከውን ሁሉ አድርገናል። አውራ ጣቴን አየሩ ሲገፋው ምልክቱ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። መብራቱንም አየነው፤ ምልክቱ ልክ በቦታው። የካሙ ሴንሰር ተሰክቷል፣ ላፕቶፑም ያየዋል። ሁሉም ልክ ነው፣ እሷ ግን አትነሳም። ካሂን ሣጥኗን ወደ ፋፈን ወንዝ ሊወረውራት ነበር፤ ከእጁ ቀማሁት። ቦቢናዎቹ ተላልፈው እንደሁ ብሎ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና አሰራቸው። ምስኪን፣ የአንደኛውን ሲያስር እጁ ከመሪው በኩል ካለው ግድግዳ ብረት ጋር ተፋጭቶ ቆዳው ተገሸለጠ። አሁን በፋሻ ነው የሚውለው። ሚስቱ እኔን ነው የተቆጣችው።

እማዬ ነጠላዋን አሳጥባለች፣ ጧፉን ገዝታለች፣ ለስለቱ ያዘጋጀችውን ጃንጥላ ከፕላስቲኩ አውጥታ ደጋግማ ታየዋለች። ሚኒባስ ልኮናተርልሽ፣ ፍራሽ አነጥፍልሻለሁ ብላት «ሬሳ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረን። እስከ ዛሬ አልጨነቀኝም ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አሁን ግን ሌሊት እየነቃሁ ነው።

ኸሊፍ ነገ ይነሳል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ።

አገሬ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አገሬ፣ ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ኸሊፍ ታች ቆሞ ይጠብቀኛል።

ትናንት ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ደውዬ ነበር። መስመሩ እየተቆረጠ «ከኋላ፣ ከኋላ» ስልሽ «ማን ነው ከኋላ?» ስትይኝ ተውኩትና መጻፍ ጀመርኩ።

የካሂን እጅ ነው የነገረኝ። ሰው የአንደኛውን ቦቢና ሲያስር እጁ የሚላጨው ራዲያተሩ ጋ ነው እንጂ መሪው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ምን አደረሰው? እናንተ አንደኛ ያላችሁት የመጨረሻውን፣ ከካምቢዮው በኩል ያለውን ነው። ስድስተኛውን።

ጋሼ ዕድሜውን በፔጆ ነው የጨረሰው። ፔጆ ሲሊንደሩ የሚቆጠረው ከኋላ፣ ከቮላኖው በኩል ነው። ለእኔም ለአንቺም ለካሂንም ያስተማረን እሱን ነው፤ «ከቮላኖ ጀምር» ይለን ነበር። የቶዮታ ግን ከፊት፣ ከራዲያተሩ ነው የሚቆጠረው። ጋሼ ቶዮታውንም ከኋላ ቆጥሮ ስንቱን አስነስቷል። የሚገርመው፣ አራት ሲሊንደርም ሆነ ስድስት በአንድ ረድፍ ከሆነ፣ ከኋላም ብትቆጥሪው የእሳቱ ተራ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን ማንም ሳይነቃ አለፈ። ሣጥኗ ግን የካሙን ሴንሰር ታያለች፤ እኔም አንደኛው ከፊት ነው ብያታለሁ።

አንደኛውና ስድስተኛው እኩል ነው ወደ ላይ የሚወጡት። ለዚህ ነው ምልክቱም መብራቱም ልክ ሆኖ የታያችሁ። ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። ግን አንደኛው ቀን ላይ ሲሆን ስድስተኛው ሌሊት ላይ ነው። እናንተ እሳቱን ሁሉ በሌሊቱ ስድስት ሰዓት እየሰጣችሁት ነው።

ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ሽቦዎቹን ሁሉ ከፊት ጀምራችሁ እሰሩ። ወይ ላፕቶፑ ላይ የካሙ ቦታ መቶ አምስት የሚለውን አራት መቶ ስልሳ አምስት አድርጊው፤ አንድ ሙሉ ዙር ጨመርሽለት ማለት ነው፣ ሽቦው እንዳለ ይቀመጣል።

ጋራዡን ከለቀቅኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ወረቀቴ ሳይስተካከል ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይሄንን መስመር ለእማማ አታንብቢላት። በምታወሪው ብዛት ስቄብሽ አውቃለሁ፤ ይሄን ሁሉ ባታወሪ ግን የካሂንን እጅ ከየት አገኘው ነበር?

በዛብህ


ጅጅጋ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፣

የቁልቢው ገብርኤል ወጪውንም መንገደኛውንም በያለበት ይጠብቅ፤ አንተንም ቀድሞ። ደስታ ሲበዛብኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ ከካሂን ልጀምር።

ደብዳቤህን ሳነብለት ወደ ፔጆው ወንበር ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ አደረግኸን?» አለና ሳቁ አልቆም አለው። ሽቦውን ወደ ፊት እናዙረው ብለው አሻፈረኝ አለ። «የጋሼን ቆጠራ ለሣጥን ብዬ አላፈርስም። ሣጥኗ ትማር» አለኝ። አራት መቶ ስልሳ አምስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ያዞርኩትም እኔ ነኝ፤ ሁለቴ ዞራ ተነሳች። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለህ፤ ለስላሳ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ የተኛው አቧራ ሁሉ በነነና እማዬን አስነጠሳት። አቶ ሀብተየስ መጥተው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩና «አሁን መኪና ናት» አሉ። ካሂንም ኮፈኑ ውስጥ በነጭ ቀለም፣ ቁጥሩ ከኋላ እንደሚጀምር ጻፈበት፤ ሌላ መካኒክ እንዳይሳሳት።

በዋዜማው ንጋት ላይ ተነሳን። እኔ መሪ ላይ፣ እማዬ በፊት ወንበሯ እግሯን ዘርግታ፣ ከኋላ አቶ ሀብተየስና ባለቤታቸው። ካሂንም መጣ። «አንተ ደግሞ ቁልቢ ምን አለህ?» ስለው «ስለት የለኝም፣ ሞተር ግን አለኝ» አለኝ። ከእሱ አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ፣ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። የአቶ ሀብተየስ ባለቤት ሰፋ ብለው ሊቀመጡ ሲሉ እማዬ «እዚያ አይደለም» አለቻቸው። ተጨናንቀው ተቀመጡ።

ካራማራ ላይ ኬላው ጋ አንድ ወጣት ወታደር አስቆመን። ዐይኑ ከኋላ መስኮቱ ጋ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

«እናቴ፣ እስከ ባቢሌ አንድ ሰው ትጭኑልኛላችሁ? ቦታ አላችሁ።»

«ሰው አለበት» አለች እማዬ።

«የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

ልጁ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ኬላውን ከፈተልን።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው ልነግርህ አልችልም፤ ሳል የላትም፣ ትንፋሽ አያጥራትም። ባቢሌ ስንደርስ እማዬ ወደ ኋላ ዞር ብላ ያን መስኮት አየችና ሳቀች። ምን እንዳሳቃት እኔም አንተም እናውቃለን። ቁልቢ ደርሳ ጃንጥላውን በገዛ እጇ ሰጠች፤ ደረጃውን እኔና ካሂን ግራና ቀኝ ይዘናት ወጣች። ካሂን ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፣ እኛ እስክንወጣ ጫማችንን ጠበቀ። ምን ብላ እንደተሳለች ጠየቅኳት። አልነገረችኝም፤ እኔም ደብዳቤህን ሳነብላት የዘለልኩትን መስመር አልነገርኳትም።

በንግሡ ማግስት ስንመለስ ካራማራ ላይ ያው ልጅ ቆሟል። ተረኛነቱን ጨርሶ ወደ ጅጅጋ የሚወስደው እየፈለገ ኖሯል፤ እኛን ሲያይ ግን አልጠየቀም፣ እጁን ብቻ አነሳ። እማዬ መስኮቷን አወረደች።

«ና ግባ፣ ልጄ።»

«ሰው አለበት ብለውኝ አልነበር?»

«ዘግይቷል። እስኪመጣ ድረስ አንተ አሙቅለት።»

ገባ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው በጠርዙ ነው የተቀመጠው። ቁልቁለቱን ከወረድን በኋላ ወደ ካሂን ጠጋ ብሎ «ስማቸው ማን ነው? ድንገት መንገድ ላይ ካገኘናቸው እንድነሣላቸው» አለው።

«በዛብህ» አለች እማዬ፣ ወደ ፊት እንዳየች።

ከተማው መግቢያ ላይ አወረድነው። አመስግኖ በሩን ሊዘጋ ሲል ተመለሰና፣ የተቀመጠበትን በመዳፉ ጠርጎልህ ሄደ።

እህትህ አገሬ